ከስልክ ወደ ኮምፒውተር፦ ኬብሉ የሚያወጣውና የሚያስቀረው

ስልኬ ከእጄ አምልጦ ደረጃ ላይ ወደቀ። ስክሪኑ ጥቁር አለ። ስልኩ ግን አልሞተም። ሰው ሲደውል ይጮኻል። ቻርጀር ስሰካበት ይንቀጠቀጣል። ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን አላርሙ ያምባርቃል። የሦስት ዓመት ፎቶ ውስጡ ቁጭ ብሏል፤ እኔ ደጅ ቀርቻለሁ።

ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። ላፕቶፑ የስልኩን ስም ሲያወጣ ደስ አለኝ። ፎልደሩን ስከፍተው ባዶ። ስልኩ መጀመሪያ ፓስወርድ ንገረኝ እያለ ነው። ፓስወርዱን የምነግርበት ስክሪን ደግሞ ተሰብሯል። አላርሙ ባትሪው እስኪያልቅ ሁለት ጠዋት ጮኸ።

ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። የዛሬ ስልክ ሆዱ ውስጥ ያለውን የሚሰጠው ጤነኛ ሳለ ብቻ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሜሞሪ ካርድ ካለው ካርዱን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ መክተት ነበር። ካርድ ባይኖረውም እጁ የተፍታታ ባለሙያ የሜሞሪ ቺፑን ከቦርዱ ነቅሎ ማንበብ ይችል ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው አይኦኤስ 8 ከሚባለው የአይፎን ሥርዓት ጀምሮ አብዛኛውን የስልኩን መረጃ ከባለቤቱ ፓስወርድ ጋር በተያያዘ ቁልፍ ቆለፈው። አንድሮይድም ቀስ በቀስ ተከተለ። በ2019 ከመጣው አንድሮይድ 10 ወዲህ አዲስ የሚሠራ ስልክ ሁሉ መረጃውን መቆለፍ ግዴታው ሆነ። ቁልፉ ያለው እዚያው ስልክ ላይ ነው። ሜሞሪውን ነቅላችሁ ብታነቡት የምታገኙት ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ነው። ለሌባ ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን ስልኩ ሌባና ባለቤት የሚለየው በፓስወርዱ ብቻ ነው፤ መልክ አይቶ አያዝንም።

ስለዚህ ባካፕ የሚባለው ነገር፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ፣ መሠራት ያለበት ስልኩ ከመውደቁ፣ ከመጥፋቱ ወይም ውሃ ከመግባቱ በፊት ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር ነው፦ ኬብል ሰክቶ «ኮፒ፣ ፔስት» ሲያደርግ ከስልኩ ምን እንደወጣና ምን እንደቀረ።

ክላውድ አለኝ የሚል ሰው

«እኔ ክላውድ (ኢንተርኔት ላይ ያለ ማስቀመጫ) ስላለኝ አያሰጋኝም» የሚል ሰው በየቦታው አለ። አይሰድበኝ እንጂ፣ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ባካፕ አይደለም። መስታወት ነው።

የጎግል ፎቶስም ሆነ የአይክላውድ ፎቶ ዋና ሥራቸው ማመሳሰል ነው። ስልኩ ላይ ያለው እዚያም ይታያል። በእነሱ አፕ ስልኩ ላይ ያጠፋችሁት እዚያም ይጠፋል። ስልኬ ሞላ ብሎ በዚያው አፕ ፎቶውን ያጸዳ ሰው «ግድ የለም፣ ክላውድ ላይ አለ» ይላል። የለም። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ነው። አይክላውድ 30 ቀን ያህል ያቆየዋል። ጎግል ፎቶስ ባካፕ የተደረገውን 60 ቀን ያቆያል። ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም። ጎግል ፎቶስ ስልኩ ላይ ያለውን ብቻ አጥፍቶ ክላውዱን የሚተው ሌላ ምርጫ አለው፤ ግን ሰው የሚነካው ያንን ሳይሆን የቆሻሻ መጣያዋን ምልክት ነው።

ቦታም አለ። አይክላውድ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀምር በነጻ የሰጠው 5 ጊጋባይት ነበር። ዛሬም ያው 5 ነው። የስልኮቹ ካሜራ ግን በዚያው አልቆመም። ጎግል ለፎቶ ገደብ የሌለው ነጻ ቦታ ይሰጥ ነበር፤ ከሰኔ 1 ቀን 2021 ጀምሮ አስቀረው። አሁን ያለው 15 ጊጋባይት ሲሆን ፎቶው፣ ኢሜይሉና ድራይቩ (የጎግል ፋይል ማስቀመጫ) አብረው ይካፈሉታል። ሲሞላ ፎቶ መቀበል ብቻ አይደለም የሚያቆመው። ኢሜይልም መግባት ያቆማል። በዚህ ላይ ጎግል ሁለት ዓመት ያልተነካ የግል አካውንትን ከነይዘቱ ሊያጠፋ እንደሚችል ደንግጎ፣ ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል።

ክላውድ አይረባም እያልኩ አይደለም። ስልክም ላፕቶፕም በአንድ ቦርሳ ሲሰረቅ፣ ወይም ቤት ሲቃጠል፣ የሚያድነው እሱ ነው። ግን ማንም ሳይፈቅድላችሁ የምትከፍቱት፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም የምታዩት፣ ወርሃዊ ክፍያ ቢቋረጥም የማይነካ ቅጂ ከፈለጋችሁ፣ ቦታው ቤት ያለው ኮምፒውተር ነው።

አንድሮይድና ግምጃ ቤቱ

አንድሮይድ ስልክ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ መጀመሪያ የሚያደርገው ቻርጅ መደረግ ብቻ ነው። ፋይል ለማስተላለፍ ስልኩን ከፍቶ፣ ከላይ የሚመጣውን ማሳወቂያ ነክቶ፣ ፋይል ማስተላለፊያውን መምረጥ ያስፈልጋል። ማሳወቂያው ጭራሽ ካልመጣ ስልኩን ከመጠርጠር በፊት ኬብሉን ቀይሩ። መረጃ የሚያልፍበት ሽቦ የሌላቸው፣ ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ኬብሎች አሉ። እኔ ከእነዚህ በአንዱ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ።

በአሮጌዎቹ አንድሮይዶች ስልክ ልክ እንደ ፍላሽ ነበር የሚሰካው። ኮምፒውተሩ ሜሞሪውን ጠቅልሎ ይወስደዋል፤ ስልኩም እስኪነቀል ድረስ የራሱን ሜሞሪ መጠቀም አይችልም። ከአንድሮይድ 4 ወዲህ ይህ ቀረና ኤምቲፒ የሚባል የመነጋገሪያ ዘዴ ተተካ። በኤምቲፒ ስልኩ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነው። ኮምፒውተሩ መስኮቱ ላይ ቆሞ «እስኪ ያንን ፋይል አምጣልኝ» ይላል። ስልኩ ሄዶ ያመጣል። «ደግሞ ያንን።» ያመጣል። አንድ ትልቅ ቪዲዮ ሲሆን ይህ አያስቸግርም። አሥር ሺህ ትናንሽ ፎቶ ሲሆን ግን ጠባቂው ይደክመዋል። ኮፒው የሚዘገየው፣ መሃል ላይ ቀጥ የሚለው፣ አንዳንዴም ዛሬ ያነሳችሁት ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ የማይታየው ከዚህ የተነሳ ነው። ለመጨረሻው ችግር ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ስለዚህ ሁሉን በአንዴ አትጎትቱ። በክፍል በክፍል ውሰዱ። «ከት» አድርጋችሁም አታውጡ፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ምን የት እንዳለ ለማወቅ ጣጣ ነው። ኮፒ አድርጉ፤ ሲያልቅ በሁለቱም በኩል ያለውን የፋይል ብዛትና መጠን አስተያዩ። ማክ የሚጠቀም ሰው አንድ ተጨማሪ እርምጃ አለበት። ማክ በራሱ ኤምቲፒ አይገባውም፤ ኦፕን ኤምቲፒን የመሰለ ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል።

ታዲያ ምኑን ኮፒ እናድርግ? ሁሉም ሰው የሚሮጠው ዲሲአይኤም ወደሚባለው ፎልደር ነው። ስሙ የመጣው የዲጂታል ካሜራ አምራቾች በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተስማሙበት ደንብ ነው፤ ስልካችሁ እስከ ዛሬ ራሱን እንደ አሮጌ ካሜራ ነው የሚያስተዋውቀው። በካሜራ ያነሳችሁት እዚያ አለ። ዘመድ በዋትስአፕ የላከላችሁ ግን የለም። የሠርጉ፣ የምርቃቱ፣ ሌላ ሰው ያነሳው ፎቶ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በአዳዲሶቹ አንድሮይዶች «አንድሮይድ» የሚለው ፎልደር ውስጥ «ሚዲያ»፣ እሱ ውስጥ የዋትስአፕ ስም ያለበት ፎልደር አለ፤ እሱን መፈለግ ነው። ብዙ ሰው ዲሲአይኤምን ወስዶ ስልኩን ፎርማት ያደርግና ከሳምንት በኋላ ይህን ያስታውሳል። የዳውንሎድ፣ የፒክቸርስ፣ የድምፅ ቅጂ ፎልደሮችንም አትርሱ። የዋትስአፕ ፎቶዎችን ስም ደግሞ አትቀይሩ። ዋትስአፕ ፎቶ ሲልክ ውስጡ የተጻፈውን የተነሳበትን ቀን ያራግፈዋል። ስሙ ላይ ያለው ቁጥር የተላከበትን ቀን ስለሚናገር ከዚያ ሌላ ምልክት አይኖራችሁም።

እንግዲህ እስካሁን የወጣው ፋይል ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ያስቸግራል። አንድሮይድ እያንዳንዱን አፕ የየራሱ የተቆለፈ ክፍል ይሰጠዋል። አጭር መልእክት፣ የጥሪ ዝርዝር፣ ማስታወሻ፣ የጌም ደረጃ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ኬብሉ በሩን አያልፍም። ድሮ የአፕ መረጃን በትዕዛዝ ወደ ኮምፒውተር የሚያወጣ መንገድ ነበር፤ ከአንድሮይድ 12 ወዲህ በአብዛኛው ተዘግቷል። የሳምሰንግ ተጠቃሚ ስማርት ስዊች የሚባለውን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ቢጭን መልእክቱን፣ ስልክ ቁጥሩንና ሴቲንጉን ጠቅልሎ ያወጣለታል። ሌላው ሰው ግን አንድ በአንድ ነው የሚያወጣው።

ስልክ ቁጥር ቀላሉ ነው። የኮንታክት አፑን ከፍታችሁ «ኤክስፖርት» ስትሉ ሁሉንም በአንድ ቪሲኤፍ ፋይል ያወጣዋል። ከደቂቃ አይበልጥም። ፋይሉ ትንሽ ነው፤ የትኛውም ስልክ ያነበዋል። እውነቴን ነው፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ። ፎቶ ሲጠፋ ያሳዝናል፤ ስልክ ቁጥር ሲጠፋ ግን ሰው ይጠፋል።

የዋትስአፕ ጽሑፍ ትንሽ ይለያል። አፑ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የንግግሮቹን ቅጂ እዚያው ስልክ ላይ ያስቀምጣል፤ የቅርቦቹን ሰባት ቀናትም ያቆያል። ይህን ፋይል ኮምፒውተር ላይ ኮፒ ማድረግ ይቻላል። ግን የተቆለፈ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታችሁ አታነቡትም። የሚከፈተው አዲስ ስልክ ላይ በቦታው መልሳችሁ፣ በዚያው ስልክ ቁጥር ስትመዘገቡ ነው። ከ2021 ወዲህ በመጣው ጠንካራ ቁልፍ ባካፑን የቆለፈ ሰው ደግሞ ፓስወርዱን ወይም ባለ 64 ሆሄ ቁልፉን መያዝ አለበት። ያ ከጠፋ ዋትስአፕም አይከፍትለትም። ቴሌግራም ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ከምስጢራዊ ቻቶች በቀር ሁሉም ያለው እነሱ ሰርቨር ላይ ነው፤ የኮምፒውተሩ ቴሌግራምም አውጥቶ ማስቀመጫ አለው።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። በየአካውንታችሁ ስትገቡ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር የሚሰጣችሁ አፕ ካለ፣ እሱም በኬብል አይወጣም። ከአካውንት ጋር እንዲመሳሰል ካላደረጋችሁት ስልኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል፤ በሩን ሁሉ ይዘጋባችኋል። አካውንቶቹ ለክፉ ቀን የሚሰጧችሁን የመጠባበቂያ ኮድ በወረቀት ጻፉት። ወረቀት ስክሪኑ አይሰበርም።

አይፎን፣ በተቃራኒው

አይፎን ፋይል አያሳይም። ሲሰካ የሚታየው የካሜራው ፎቶና ቪዲዮ ነው፤ ሌላው ዝግ ነው። ነገር ግን አንድሮይድ የማያደርገውን ያደርጋል፦ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ኮምፒውተር ላይ ይገለብጣል። ማክ ላይ ካታሊና ከሚባለው የ2019 የማክ ሥርዓት ወዲህ ይህ የሚሠራው በፋይል ማሳያው፣ በፋይንደር ነው። ዊንዶውስ ላይ በአይቲዩንስ ወይም አፕል ዲቫይስስ በሚባለው አፕ። ስልኩ «ይህን ኮምፒውተር ታምነዋለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ፓስወርድ አስገብቶ መቀጠል ነው።

ወጥመዱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። «ባካፑን ቆልፍ» የሚል ትንሽ ሳጥን አለ። ሰው ይህን ሲያይ ተጨማሪ ጣጣ ይመስለውና ያልፈዋል። ነገሩ ግን ያልጠበቅነው ነው፤ የተቆለፈው ባካፕ ካልተቆለፈው ይልቅ ብዙ ይይዛል። ያስቀመጣችኋቸው ፓስወርዶች፣ የጤና መረጃ፣ የዋይፋይ ቁልፎች፣ የጥሪ ታሪክ የሚገለበጡት ሳጥኑ ላይ ምልክት ካደረጋችሁ ብቻ ነው። አፕል እነዚህን ነገሮች ክፍት አድርጎ ዲስክ ላይ አያስቀምጥም። ምልክቱን አድርጉ፤ ፓስወርዱንም ስልኩ ውስጥ ሳይሆን ሌላ ቦታ ጻፉት። ከረሳችሁት ያንን ባካፕ የሚከፍት የለም። ያላችሁ ምርጫ ስልኩ ላይ ሴቲንጉን ዳግም አስጀምሮ አዲስ ባካፕ መሥራት ነው። ስልኩ በእጃችሁ ከሌለ ያም የለም።

ሁለተኛው ወጥመድ ይብሳል። የአይክላውድ ፎቶ በርቶ ከሆነ፣ እዚያ የተቀመጡት ፎቶዎች ወደ ኮምፒውተሩ ባካፕ አይገቡም። አፕል «እኔ ጋ አለ» ብሎ ይዘላቸዋል። ቦታ ለመቆጠብ የሚለው ምርጫ ከበራ ደግሞ ስልኩ ላይ ያለው ትንሿ ቅጂ ናት፤ ኦሪጅናሉ ርቆ ነው ያለው። ሰውየው ባካፕ አደረግኩ ብሎ ይተኛል። ፎቶው ግን ያለው እዚያው መስታወቱ ውስጥ ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ ኦሪጅናሎቹን ከአይክላውድ ወደ ኮምፒውተር ማውረድ የተለየ ሥራ ነው።

ባካፑ ራሱም የሚታይ ነገር አይደለም። ፎልደሩን ብትከፍቱት አርባ አርባ ሆሄ ስም ያላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች ናቸው። አፕል በሰጠው መንገድ ከዚያ ውስጥ አንድ ፎቶ መርጦ ማየት የለም፤ ወይ ሁሉንም ስልክ ላይ ትመልሳላችሁ ወይ ትተዉታላችሁ። በዚህ ምክንያት ፎቶን ለብቻው እንደ ፎቶ ማውጣት እመርጣለሁ። ዊንዶውስ ላይ ይህን ስታደርጉ ኮፒው መሃል ላይ እየተቋረጠ ካስቸገረ፣ የስልኩ የፎቶ ሴቲንግ መጨረሻ ላይ «ኦሪጅናሉን ያዝ» የሚል ምርጫ አለ። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፎቶ የሚያስቀምጠው ሄይክ በሚባል ዓይነት ነው። ምርጫው «አውቶማቲክ» ላይ ከሆነ ስልኩ እያንዳንዱን ፎቶ እየቀየረ ስለሚሰጥ እዚያ ላይ ይደናቀፋል።

ፍጥነትም ይነሳል። አይፎን 15 በ2023 ወደ ዩኤስቢ ሲ ሲዞር ሰው ፍጥነት መጣ ብሎ ነበር። ፕሮ የሚባሉት ላይ እውነት ነው። መደበኛው ላይ ግን የተቀየረው ቀዳዳው ነው፤ ፍጥነቱ ያው የድሮው ዩኤስቢ 2 ነው፣ በሴኮንድ ቢበዛ 480 ሜጋቢት።

ኮምፒውተሩ ላይ ከደረሰ በኋላ

እዚህ ላይ በጣም የተለመደው ስህተት ይመጣል። ፎቶውን ላፕቶፕ ላይ ገልብጦ ከስልኩ ማጥፋት። ይህ ዕቃ ማዛወር ነው። ቅጂው ቀድሞም አንድ ነበር፣ አሁንም አንድ ነው፤ ያውም ስልኩ ከኪስ የማይለይ፣ ላፕቶፑ ደግሞ ቡና የሚፈስበት።

ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ያስፋፋው 3-2-1 የሚባል ስሌት አለ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ለተራ ሰው ይበዛ ይመስላል። ቁጭ ብላችሁ ስትቆጥሩት ግን ስልኩ አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሁለት፤ ያ የተቸነው ክላውድ ሦስት፣ ከቤት ውጪ የሚለውንም ይሞላል። መስታወት መሆኑን እስካወቅን ድረስ ሦስተኛ ሆኖ ይቆጠር። ከተቻለ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ጨምሩበት። ግን ኮፒው ሲያልቅ ንቀሉት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ የሰውን ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ያገኘውን ዲስክም አልማረም።

ሌላም አለ፤ እኔን በጣም ያስገረመኝ ይህ ነው። ስልኬ ለእኔም አልከፈት ያለ ካዝና ነው። ከዚያ ካዝና ያወጣሁት ሁሉ ግን የተቀመጠው «1234» ብሎ በሚከፈት ላፕቶፕ ላይ ነበር። ላፕቶፑን የወሰደ ሰው ስልኬን መስረቅ አያስፈልገውም። ማክ ላይ ፋይልቮልት፣ በብዙ ዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር አለ፤ ዲስኩን ይቆልፋሉ። ማብራት ነው። የመክፈቻ ቁልፋቸውንም ከላፕቶፑ ውጪ ማስቀመጥ።

የማይሠራ ባካፕ ያለው ሰው ባካፕ እንዳለው ስለሚያምን ከሌለው ሰው ይልቅ ይደነግጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው የፕሮግራመሮች ድርጅት አንድ ሠራተኛው በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ አጠፋ። ድርጅቱ አምስት የባካፕ ዘዴ ነበረው። ከአምስቱ አንዱም በወጉ እየሠራ አልነበረም። ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት አንድ ሰው በአጋጣሚ የወሰደው ቅጂ ነው የታደጋቸው። ባለሙያ እንዲህ ከሆነ፣ እኛ በወር አንዴ ሦስት ፎቶ መክፈትና አንድ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ማየት አያቅተንም። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ያልኩት በምክንያት ነው፤ መሃል ላይ የተቋረጠ ኮፒ መጀመሪያው ደህና ሆኖ መጨረሻው ይጠፋል።

በእጅ መሥራት የሚሰለቸው ሰው ሲንክቲንግን የመሰለ ነጻ ፕሮግራም በዋይፋይ ራሱ እንዲገለብጥለት ማድረግ ይችላል። ግን ስሙ እንደሚነግራችሁ እሱም ማመሳሰያ ነው። ስልኩን «ላኪ ብቻ» አድርጉት፤ ኮምፒውተሩ በኩል ደግሞ የጠፋ ፋይል አሮጌ ቅጂ እንዲያቆይ እዘዙት። አለዚያ ቤታችሁ ውስጥ ሌላ መስታወት ነው የሰቀላችሁት።

የኔ ስልክ መጨረሻው ምን ሆነ? ታቹ ብቻ ሞቶ ምስሉ ቢኖር ኖሮ ዩኤስቢ ማውዝ ሰክቼ ፓስወርዱን እየጠቆምኩ እጽፍ ነበር፤ ብዙ አንድሮይድ ላይ ይሠራል። ምስሉም ስለሌለ ስክሪን ማስቀየር ግድ ሆነ። ከስክሪኑ ዋጋ ላይ የሁለት ሳምንት ጥበቃ ተጨመረ። ስልኩ እጄ ሲገባ ለማንም ሳልደውል ኬብሉን ሰካሁ። 41 ጊጋባይት። ማታ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ ሁለቴ ካቆመበት ቀጠልኩ፤ እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። 12 ሰዓት ሲሆን አላርሙ አምባረቀ። ኮፒው 87 በመቶ ላይ ነው። ስክሪኑን በጣቴ ነካ አድርጌ ዝም አሰኘሁት።